የተጠያቂው ቃልና የአስተርጓሚው አደራ

የሕዝብን ኑሮና አሳብ ለመመርመር ወደ ወረዳ የሚላክ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊያስብበት የሚገባው የቋንቋ ነገር ነው። በአገራችን ከ80 የማያንሱ ቋንቋዎች ይነገራሉና፥ ጠያቂና ተጠያቂ በአንድ ቋንቋ የማይግባቡበት ጊዜ ብዙ ነው። ከብት የሚቈጥር ሰው ቍጥሩን ይዞ ቢመለስ ይበቃው ይሆናል፤ የሰውን ችግርና ምኞት ጠይቆ ለመጻፍ የወጣ ግን ሀብቱ ሁሉ ቃል ስለሆነ፥ ቃሉ ከተለወጠ ድካሙ ከንቱ ነው።

አንዲት እናት ስለ ጤናዋ ስትጠየቅ «ሆድ ባሰኝ» ብትል ኀዘኗን መናገሯ ነው። አስተርጓሚው «ሆዷን አሟታል» ብሎ ለውጭ አገር ሐኪም ቢነግር፥ መጽናናት ለሚያስፈልጋት ሴት የሆድ መድኀኒት ይታዘዝላታል። እንደዚሁም አስተርጓሚው ባሏ ወይም የአጥቢያው ሹም ዘመድ ከሆነ፥ እርስዋ የምትፈራውን ትሸሽጋለች፥ እርሱም ያልወደደውን ይቈርጣል። ጽሑፉ ወደ መሥሪያ ቤት ደርሶ ውሳኔ ሲሰጥበት፥ ባልተናገረችው ቃል ይፈረድባታል።

ጀርመናዊው ሊቅ ኢዮብ ሉዶልፍ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1652 ዓመት በጎታ ከተማ አባ ጎርጎርዮስን ስለ ኢትዮጵያ በጠየቃቸው ጊዜ፥ ከመነጋገሪያቸው አንዱ ግዕዝ ነበረ። ግዕዝ ግን ለሁለቱም የአፍ መፍቻ ቋንቋ አልነበረም። ስለዚህ ሉዶልፍ በዚህ ሳይወሰን አማርኛን ከእሳቸው ተማረ፤ በ1698ም የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳተመ። ያገኘውንም ዕውቀት ከማን እንዳገኘ በመጽሐፉ ገለጠ።

ቋንቋውን ለመማር ጊዜ የሌለው መርማሪ ቢያንስ የሚከተለውን ይጠብቅ። አስተርጓሚውን ከወገንተኝነት ነጻ የሆነ ሰው አድርጎ ይምረጥ፤ የጥያቄውንም ምክንያት አስቀድሞ ያስረዳው። የተጠያቂውን ቃል በገዛ ቋንቋው፥ ፈቃዱ ከሆነም በድምፅ መቅጃ ያስቀር። ትርጕሙን ሌላ ሰው ወደ ፊተኛው ቋንቋ እንዲመልሰው አድርጎ ያስተያይ። በማን አስተርጓሚነት እንደ ተነገረም ይጻፍ። አንዱ ቃል ሁለት ፍች ቢኖረው፥ የመጻሕፍት መምህራን «አንድም» እያሉ ምሥጢሩን ሁሉ እንደሚያስረዱ፥ እርሱም ሁለቱን ጽፎ ተጠያቂውን መልሶ ይጠይቅ እንጂ በግምት አይቍረጥ።

ይህ ሁሉ ጊዜና ገንዘብ ይፈጃል የሚል አይጠፋም። ነገር ግን በተሳሳተ ቃል ላይ የተሠራ ሥራ ፈርሶ እንደ ገና ሲሠራ ወጪው እጥፍ ነው። የድኻ ቃል አደራ ነውና፥ የተቀበለው ሁሉ ሳያጐድልና ሳይጨምር ያድርስ።