ሞተሩ ብርሃን እያለው መንገዱ ለምን ይጨልማል?



ሞተር በተገጠመለት ብስክሌት ማታ ማታ ያለ መብራት የሚከንፉትን አጥብቀን እንቃወማለን። «ባትሪ የለኝም» ይሉናል። ሰበብ ነው! ሞተሩ ሲዞር ማግኔቱ ራሱ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ያለ ባትሪም አምፖል ያበራል። ግን ከካንዴላው መስመር መጥለፍ አይሆንም፤ እሳቱ ይዳከምና ሞተሩ ይጠፋል። ለመብራቱ የራሱ ጥቅል ሽቦ ይሠራለት። ቤንዚን ሲሰጠው ኃይሉ ስለሚጨምር፣ ሬጉሌተር ከሌለ አምፖሉ ይቃጠላል። ይህ ከበዛ የ6 ቮልት የጎማ ዲናሞ አለ።

የደሴው አስፋልት ከሚሴን አቋርጦ ያልፋል። አመሻሹ ላይ ከጨፋ ሣር የጠገበ ከብት ሲመለስ ከኋላው ልጅ አለ። ጥቂት ሽቦ ከልጅ ይበልጣል እንዴ? መብራት የሌለው ከመሸ በኋላ ይግፋው እንጂ አይንዳው!