ሾፌሩ ይሄዳል፤ ጫኙ ይቀራል

ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ ሲሄድ በአዲስ ቅዳም በኩል ያለፈ መንገደኛ ሁሉ በመንገዱ ዳር የተደረደረውን የከሰል ጆንያ ሳያይ አልቀረም። የፋግታ ለኮማ ገበሬ ከአውስትራሊያ የመጣውን ዲከረንስ የተባለውን ዛፍ በማሳው ላይ እየተከለ፥ በ4 ወይም በ5 ዓመቱ እየቈረጠ ከሰል ማክሰልን ልማድ አድርጓል። ከሰሉ በጋሪ ወይም በሰው ትከሻ ወደ መንገድ ይወጣና በጭነት መኪና ሆኖ ወደ 450 ኪሎ ሜትር ግድም ተጉዞ አዲስ አበባ ይገባል። በዚያ ከሰል ቡና የምታፈሉ አንባቢዎቼ፥ ጆንያውን ማን እንደ ጫነው ጠይቃችሁ ታውቃላችሁን?

ሾፌሩ ሳይመሽበት ለመነሣት ይቸኵላል። ጫኙም የሚከፈለው በጆንያው ቍጥር እንጂ በሰዓት አይደለምና እርሱም ይቸኵላል። የችኰላው ውጤት ግን የሚታየው እዚያው አይደለም። ከሰል ቀላል ስለ ሆነ ከመኪናው ጣራ በላይ ተከምሮ ይጫናል፤ ጭነቱ ከፍ ባለ መጠን ደግሞ፥ ተማሪ አንባቢዬ በፊዚክስ እንደ ተማረው፥ የክብደቱ ማዕከል ከፍ ይልና መኪናው በኩርባ ላይ ለመገልበጥ ይቀርባል። ከደጀን ወርዶ ወደ ጎሐ ጽዮን የሚወጣው የዓባይ በረሃ ከ1,000 ሜትር በላይ የሚወረድበት ጠመዝማዛ ነው። ወደ አንድ ጐን የበዛ ጆንያና የላላ ገመድ የሚታወቀው እዚያ ላይ ነው። በዚያን ሰዓት ጫኙ በቤቱ ተኝቷል።

ሌላም ነገር አለ። ከሰል በደንብ ሳይበርድ በጆንያ ከታጨቀ፥ ተደብቃ የቀረች አንዲት ፍም ነፋስ ሲያገኛት ትነሣለች። በመርከብ ሲጓጓዝ እንኳ ራሱን በራሱ ሊያሞቅ ይችላል ተብሎ ከአደገኛ ጭነት ይመደባል። ልምድ ያለው ጫኝ ይህን የሚለየው በጀርባው ነው፤ ሙቀቱ ሲሰማው «ይህ ይቈይ» ብሎ ጆንያውን ለብቻ ያስቀምጠዋል። ሾፌሩ ከመሪው ኋላ ሆኖ ይህን ሊያውቅ አይችልም። ታዲያ ይህን ዕውቀት በዋጋው ውስጥ የሚቈጥርለት ስንቱ ነው?

ሾፌሮችም የሚሉት አላቸው። «ጫኝና አውራጅ ማኅበር ነን እያሉ የወደዱትን ዋጋ ይቈርጣሉ፤ በረዳቴ ላስጭን ብል ይከለክሉኛል» ይላሉ። ይህ ወቀሳ በአዊ ብቻ ሳይሆን በየከተማው ይሰማል፤ ሐሰትም አይደለም። ያላሠሩትን ሰው ማስከፈል ግፍ ነው። ነገር ግን ብቻውን የቆመ ጫኝ ደላላው የጣለለትን ከመቀበል በቀር ምን አቅም አለው? እኔ የምነቅፈው ማኅበር ዋጋውን ጽፎ በአደባባይ የማይለጥፈውን ነው። ዋጋው በሰሌዳ ላይ ቢታይ የጥሉ ግማሽ በቀረ ነበር።

ድንችና እህል ሲጫን ነገሩ ይከብዳል። አንድ ኩንታል 100 ኪሎ ነው። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1959 ዓ.ም. ባወጣው ምክር፥ አንድ ጐልማሳ ወንድ ከ55 ኪሎ በላይ የሚሸከም እንደ ሆነ ሸክሙ በፍጥነት እንዲቀነስለት ብሏል። የእኛ ሰው የዚህን እጥፍ ለማለት ጥቂት የጐደለውን አዝሎ በሳንቃ ላይ ይወጣል፤ ሾፌሩ ከታች «ቶሎ በል እንጂ!» ሲለው «ጋሼ፥ ትንሽ ልተንፍስ» ይላል። ቅዳሜ ከሚሸከሙት መካከል ሰኞ በክፍሌ የሚቀመጡ ልጆች አሉ። በእጃቸው አውቃቸዋለሁ።

ከ2012 ዓ.ም. ግድም ወዲህ ደግሞ ዲከረንስን ዋግ የመሰለ የፈንገስ በሽታ መታው። በደቡብ አፍሪካም ዘመዱን የሆነ ዛፍ ያጠቃ በሽታ ነው። የብዙ ገበሬ ተክል ደረቀ፤ ከሰሉም አነሰ። መኪና ጎማ አለውና ሾፌሩ ሌላ ጭነት ፍለጋ ሄደ፤ ጫኙ ግን ከመንገዱ ዳር ወዴት ይሄዳል?

እርግጥ አንዳንዱ ሾፌር ገና ደጀን ሳይደርስ ለሚያምነው ጫኝ ስልክ ይደውላል። ጫኙም የትኛው ገበሬ ድንች እንዳወጣ፥ የትኛው መንገድ በጭቃ እንደ ተያዘ ይነግረዋል። ለዚህ ወሬ ስንት እንደሚከፈለው አንዱን ብጠይቀው ሣቀና፥ «ሻይ» አለኝ።