የእርጅና ገንዘባችሁን ለመስመር አትስጡ

የገፈርሳ፣ የቡራዩ፣ የሰበታና የሱሉልታ እኩዮቼ፣ ስሙኝ። ሰሞኑን በለቅሶ ድንኳን፣ ከእድር ስብሰባ በኋላ፣ በየቤቱም ቡና ላይ አንድ ወሬ ተደጋግሞ እሰማለሁ። ልጆቻችን ስልካቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ሽቅብ ቁልቁል የሚል የዋጋ መስመር ያሳዩናል። በመካከሉ ረጋ ብሎ የሚሄድ ሌላ መስመር አለ። «አባባ፣ ይሄ የ200 ቀን አማካይ ነው። ዋጋው ከዚህ ሲወርድ ረክሷል ማለት ነው፤ ያኔ ይገዛል» ይላሉ። የሚያሳዩን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የአየር መንገድ አክሲዮን ነው፤ ዴልታ፣ ዩናይትድ፣ ኬንያ ኤርዌይስ። «የእኛም አየር መንገድ አክሲዮን ሲሸጥ እንዲሁ ለክተን እንገዛለን» የሚሉም አሉ። ገንዘቡ የማን ነው? የእርሻ መሬት ለከተማ ሲወሰድ የተከፈለ ካሳ ነው። በጉልበታችን ዘመን ሳንበላ ያጠራቀምነው ነው። ቢጠፋ የሚተካው ጉልበት የለንም።

በዚያ መስመር ተመርታችሁ ይህን ገንዘብ አታውጡ። ይህን የምለው ልጆቹ ዋሽተዋል ብዬ አይደለም። መስመሩ የሚናገረውንና የማይናገረውን ለይቶ የሚነግረን ሰው ስላጣን ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ባለፉት 200 የገበያ ቀናት አክሲዮኑ በየዕለቱ ሲዘጋ የነበረው ዋጋ ተደምሮ ለ200 ይካፈላል። ነገ የነገው ዋጋ ይገባል፣ ከሁሉም የቆየው ይወጣል፤ ስለዚህም ተንቀሳቃሽ አማካይ ይሉታል። ገበያ በዓመት 250 ቀን ያህል ስለሚውል 200 ቀን ወደ አሥር ወር ይጠጋል። የ200 ሳምንት የሚሉትም አለ፤ እሱ አራት ዓመት ግድም ነው። ጥቅሙን አልክድም። የዕለቱን ጫጫታ ያበርዳል፣ ሰው በአንድ ቀን ወሬ እንዳይደናገጥ ያግዛል። ነገር ግን የተሠራው ከዋጋ ብቻ ነው። ሰዎች ትናንትና ከትናንት ወዲያ ስንት እንደከፈሉ ይናገራል። የአውሮፕላኑ ዕዳ፣ የነዳጁ ሒሳብ፣ ለአበዳሪ የሚከፈልበት ቀን አንዱም በውስጡ የለም።

ግድባችንን አስቡ። ገፈርሳ ለአዲስ አበባ ውኃ ከሚያቀርቡት ግድቦች ቀደምቱ ነው። ውኃው በነሐሴ ይሞላል፣ በግንቦት ይጎድላል። የብዙ ዓመት ከፍታውን ለክቶ አማካይ ያወጣ ሰው ዘንድሮ ከወትሮው መጉደሉን ወይም መሙላቱን ያውቃል። ደለሉን ግን አያውቅም። ከታች ደለል በተከማቸ ቁጥር ያው ከፍታ የሚይዘው ውኃ እያነሰ ይሄዳል፤ መለኪያው እንጨት ላይ ምልክቱ አይለወጥም። የአየር መንገድ ደለል ዕዳ ነው።

ጎረቤታችንን ኬንያን እንይ። ኬንያ ኤርዌይስ በ1996 እ.ኤ.አ. አክሲዮኑን ለሕዝብ በ11 ሺሊንግ ከ25 ሳንቲም ሸጠ። ብዙ ተራ ኬንያዊ በኩራት ገዛ፤ የአገር ስም ያለበት አውሮፕላን ባለቤት መሆን ቀላል ነገር አይደለም። በኋላ ኩባንያው አዳዲስ አውሮፕላኖችን በብድር አመጣ፣ ገቢው ግን እንደታሰበው አላደገም። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2015 በተዘጋው የሒሳብ ዓመት 25.7 ቢሊዮን ሺሊንግ ከሰረ፤ በተከታዩ ዓመት ደግሞ ኪሳራው ከ26 ቢሊዮን ዘለለ። እንዲህ ባለው ጊዜ ዋጋ ከረጅሙ አማካይ በታች ይወርዳል፤ «ረከሰ» ብሎ የገዛ ሰው ደግሞ አማካዩ ራሱ ዋጋውን ተከትሎ ሲወርድ ያያል። በሚቀጥለው ዓመት እንደገና «ረክሷል» ይባላል። በ2017 ዕዳው ወደ አክሲዮን ሲለወጥ መንግሥት 48.9 በመቶ፣ አበዳሪ ባንኮች 38.1 በመቶ ያዙ። የቀደሙት ትንንሽ ባለአክሲዮኖች ድርሻ ምን ያህል እንደቀጠነ ከዚህ አስሉት። ሐምሌ 2020 ላይ የአክሲዮኑ ግብይት ታገደ፤ የተከፈተው በጥር 2025 ነው። ከአራት ዓመት በላይ የሐኪም ቤት የሚከፍል፣ ልጅ የሚድር፣ ቤት የሚጠግን ሽማግሌ አክሲዮኑን ልሽጥ ቢል ገበያ አልነበረውም። በዚያ ሁሉ ጊዜ መስመሩ ቀጥ ብሎ ተኝቷል። የረጋ ይመስላል።

የሚቀጥለውን ስጽፍ ልቤ ይከብደኛል፤ ግን መተው አልችልም። እሑድ መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሣው አውሮፕላናችን ከስድስት ደቂቃ በኋላ ቱሉ ፈራ ላይ ወደቀ። 157 ነፍስ አለቀ። አውሮፕላኑ ቦይንግ 737 ማክስ ነበር፤ ተመሳሳዩ ከወራት በፊት ኢንዶኔዥያ ላይ ወድቆ 189 ሰው ሞቷል። ቦይንግ አየር መንገድ ሳይሆን አውሮፕላን ሠሪ ነው፤ የአክሲዮኑ ነገር ግን ለእኛ ጉዳይ ምስክር ነው። ከአደጋው ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ ዋጋው ከ440 ዶላር አልፎ ነበር፤ ከዚያ በፊት ያን ያህል ወጥቶ አያውቅም። ከረጅሙ አማካይ በላይ ነበር፤ በመስመሩ ሕግ «ጤነኛ» ማለት ነው። ከእሑዱ አደጋ በኋላ በሁለት የገበያ ቀን ብቻ ወደ 375 ዶላር ወረደ፤ ዓመት ካለፈ ከጥቂት ቀን በኋላ ወረርሽኝ ተጨምሮበት ከ100 በታች ደረሰ። በአውሮፕላኑ መቆጣጠሪያ ሥርዓት ውስጥ የነበረው ስሕተት ግን ያን ሳምንት አልተፈጠረም። የኢንዶኔዥያ እናቶች ልጆቻቸውን ከቀበሩ በኋላም ገዢው ሕዝብ ዋጋውን እየጨመረ ይከፍል ነበር። መስመሩ የሚያውቀው ገዢው የሚያውቀውን ያህል ነው፤ ገዢውም አላወቀም።

በአሜሪካ ያሉ ልጆቻችን ስለሚልኩልን መስመር ደግሞ አንድ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ዴልታ በ2005 እ.ኤ.አ. ለኪሳራ ጥበቃ ፍርድ ቤት ገባ። በ2007 ሲወጣ የድሮው አክሲዮን ተሰርዞ አዲስ ወጣ። ዩናይትድም በ2002 ገብቶ በ2006 ሲወጣ እንዲሁ ሆነ፤ የድሮ ባለአክሲዮኖች፣ በርካታ ሠራተኞቹንም ጨምሮ፣ ባዶ እጃቸውን ቀሩ። ዛሬ በስልክ የሚታየው የዴልታ መስመር የሚጀምረው ከአዲሱ አክሲዮን ነው። ገንዘባቸው የጠፋባቸው ሰዎች በሥዕሉ ላይ የሉም፣ በአማካዩም ውስጥ አልተደመሩም። «ሃያ ዓመት ሙሉ ከአማካዩ ሲወርድ የገዛ ሁሉ አተረፈ» ቢሏችሁ፣ ከዚያ በፊት የነበረው አክሲዮን የት ሄደ ብላችሁ ጠይቁ። የእኛ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ሲቋቋም ያስተማረው ቲደብሊውኤ የተባለው ታላቅ የአሜሪካ አየር መንገድ ነበር። ሦስት ጊዜ ለኪሳራ ፍርድ ቤት ቀርቦ በ2001 እ.ኤ.አ. በሌላ ተጠቀለለ። ተማሪው ዛሬም ይበራል፤ አስተማሪው የለም። የስዊዘርላንዱ ስዊስኤርም በዚያው ዓመት ወደቀ።

አየር መንገድ እንዲህ የሚሆነው ሥራው ራሱ እንዲህ ስለሆነ ነው። አውሮፕላን የሚገዛው በዶላር ብድር ነው፤ ነዳጁ ዋጋው በሌላ አገር ይቆረጣል፤ ሳይሸጥ የበረረ ወንበር ገቢ ለዘላለም ጠፋ። ጦርነት፣ በሽታ፣ አመድ የሚተፋ ተራራ በአንድ ሌሊት ሰማይ ይዘጋል። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲመጣ የእኛዎቹ ከመንገደኛ አውሮፕላኖች ወንበር ነቅለው ጭነት ጭነው ተረፉ፤ ይህ የአመራርና የሠራተኛ ብርታት ነው፣ እኮራበታለሁ። ሌሎች ግን ወደቁ። ኩባንያ ሲወድቅ ደግሞ ሠራተኛና አበዳሪ አስቀድመው ይወስዳሉ፤ ባለአክሲዮን ከሁሉ በኋላ ነው።

ስለ ኢትዮጵያ አየር መንገድ የምትጠብቁም እውነቱን እወቁ። ግንቦት 28 ቀን 2010 ዓ.ም. መንግሥት ከፊል ድርሻውን እሸጣለሁ ብሎ ነበር። አሁን የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ ይዞታ ነው፤ በገበያ የሚሸጥ አክሲዮን ስለሌለው ዋጋም፣ አማካይም የለውም። «አስቀድመን እናስመዝግባችሁ» የሚል ሰው ቢመጣ በር ዝጉበት። አንድ ቀን ቢሸጥስ? የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ የተከፈተው ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው፤ ገና ጨቅላ ነው። ጥቂት ሰው ጥቂት አክሲዮን በሚለዋወጥበት ገበያ የሚወጣ አማካይ የጥቂት ሰዎች ስምምነት ነው። የኢትዮ ቴሌኮምን አስታውሱ፤ 100 ሚሊዮን አክሲዮን በ300 ብር ቀርቦ የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ግድም ነው። ያን 300 ብር የቆረጠው ሻጩ ነው።

ብራችንንም አትርሱ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ግድም ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። በዶላር የሚያገኝ ኩባንያ አንድ አውሮፕላን ሳይጨምር፣ አንድ መንገደኛ ሳያክል የብር ዋጋው ሊያድግ ይችላል። መስመሩ ሽቅብ ሲሄድ እያደገ ያለው ኩባንያው ነው ወይስ እየወደቀ ያለው ብሩ? መስመሩ አይለይላችሁም።

የሠላሳ ዓመት ልጅ ተሳስቶ አራት ዓመት ቢጠብቅ ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው። እኛ ከመካከላችን በየወሩ ሰው እየቀበርን የምንኖር ነን። ዋጋው ወደዚያ የ200 ሳምንት መስመር እስኪመለስ መጠበቅ የምንችል ስንቶቻችን ነን?

አክሲዮን የሚባል አትግዙ አላልኩም። በባንክ የትርፍ ድርሻ ልጅ ያስተማሩ እዚሁ መካከላችን አሉ። ግን ከመፈረማችሁ በፊት ደንበኛ ሳቢ መግለጫውን፣ ማለትም ሻጩ ስለ ኩባንያው ጽፎ የሚያወጣውን ሰነድ፣ አስነብቡ፤ ዓይናችሁ የደከመ እኔ ዘንድ ኑ፣ ቁጭ ብለን እናነባለን። የዋጋ ሥዕሉን ትታችሁ የዕዳውን ገጽ ፈልጉ። ጠቅላላ ዕዳው ስንት ነው? በመጪው ዓመት የሚከፈለው ስንት ነው? በእጅ ያለው ጥሬ ገንዘብ ያን ይሸፍናል? አውሮፕላኖቹ የራሱ ናቸው ወይስ የኪራይ? በክፉ ዓመት የትርፍ ድርሻ ከፍሎ ያውቃል? ሻጩ ከኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ፈቃድ አለው? እነዚህን የማይመልስ ሰው መስመር ቢያሳያችሁ አትስሙት፤ የገዛ ልጃችሁም ቢሆን።

በቴሌግራም ለተዋወቃችሁት ደላላ ወይም ውጭ ላለ ዘመድ ገንዘብ ያስረከባችሁ እንዳላችሁ ሰምቻለሁ። አታፍሩ፣ አትደብቁ። በዚህ ሳምንት ደውላችሁ አክሲዮኑ በማን ስም እንደተመዘገበ ጠይቁ፤ ማረጋገጫውን በወረቀት አስልኩ። በእናንተ ስም ካልሆነ፣ እናንተ በሞታችሁ ማግሥት ለሚስታችሁ ወይም ለባላችሁ የሚደርስ ነገር ስለመኖሩ ምንም ማስረጃ የላችሁም፤ ስለዚህ ገንዘቡ እንዲመለስ አሁኑኑ ጠይቁ።