ካሜራው ጂንካ፣ ባለቤቱ አዲስ አበባ

ጂንካ ላይ ሱቅ ከፍቶ አዲስ አበባ የሚኖር ሰው ካሜራ ቢያስገጥም አይፈረድበትም። የቅዳሜ ገበያ እንዴት እንደዋለ፣ ማታ በሩ መዘጋቱን በዓይኑ ማየት ይፈልጋል። ግን እዚያው በዋይፋይ ጥርት ብሎ የታየው ምስል፣ አዲስ አበባ ሲደርስ አልከፈት ይላል። የገጠመው ባለሙያም «ኔትወርክ ነው» ብሎ ይገላገላል። በዚህ መልስ ውስጥ ሁለት ችግሮች ተደባልቀዋል፤ አንዱ ዘዴ አለው፣ ሌላው ግን የቴክኒሻን ሥራ አይደለም።

የመጀመሪያው የአድራሻ እጥረት ነው። 4.3 ቢሊዮን ገደማ የሆነው የቀድሞው የአይፒ አድራሻ ለዓለም ስላልበቃ፣ የሞባይል ኩባንያዎች ብዙ ደንበኞችን በአንድ አድራሻ ያስተናግዳሉ። ከውጭ የመጣ ጥያቄ የማን ቤት እንደሚገባ ስለማይታወቅ ይመለሳል። በሲም ካርድ ራውተር ላይ «ፖርት ክፈት» የሚለው ምክር የማይሠራው ለዚህ ነው። በሚሠራበት መስመርም ቢሆን አልመክረውም፤ በጥቅምት 2009 ዓ.ም. ሚራይ የተባለው ቫይረስ የፋብሪካ የይለፍ ቃላቸው ያልተቀየረ ካሜራዎችን አሰልፎ ትዊተርንና ኔትፍሊክስን ለሰዓታት አስተጓጉሏል።

የሚያዋጣው ካሜራው ራሱ ወደ ውጭ እንዲገናኝ ማድረግ ነው። ኪውአር ኮድ ስካን ተደርጎ የሚከፈተው አፕ የሚሠራው እንዲህ ነው፤ እንደ ቴልስኬል ያለ ቪፒኤንም እንዲሁ። አፑ ግን ምስሉን በሌላ ወገን ሰርቨር ሊያሳልፍ ይችላል። በ2013 ዓ.ም. ሰርጎ ገቦች ቬርካዳ በተባለ የአሜሪካ ኩባንያ በኩል ወደ 150 ሺሕ ካሜራዎች መግባት ችለው ነበር። ስለዚህ ካሜራው ደጁን ይጠብቅ፤ መኝታ ቤት አይግባ።

ሁለተኛው ችግር ሆን ተብሎ የሚዘጋ መስመር ነው። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ከድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ፣ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንታት ገደማ ተቋርጧል። በትግራይ መቋረጡ ወደ ሁለት ዓመት ዘልቋል፤ በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ዳታ ለወራት ተዘግቷል። ቪፒኤን የታገደ ድረ ገጽን ያሳልፋል እንጂ የተቆረጠ መስመርን አይቀጥልም። መስመር የሚዘጋው ለጸጥታ ሲባል ነው ይባላል፤ ሆኖም ዜጋው ስለ ንብረቱ በሚሰጋበት በዚያው ቀን የገዛ ጠባቂውን ማየት ይከለክለዋል። ይህ ጸጥታን ማስከበር አይባልም።

መንግሥት ጥፋተኛን ለይቶ ይያዝ እንጂ የሁሉንም መስመር አይቁረጥ። ቴሌኮሞች የራሱ አድራሻ ያለው መስመር ለቤትና ለሱቅ ደንበኛ በሚቀመስ ዋጋ ያቅርቡ። ሻጮችም ካሜራው በሲም ካርድ መስመር ከርቀት እንዴት እንደሚከፈት ገንዘብ ከመቀበላቸው በፊት ያሳዩ። እርስዎ ደግሞ የይለፍ ቃሉን ዛሬውኑ ይቀይሩ፣ ሚሞሪ ካርድ ያስገቡበት፣ ለመብራት መጥፋት ባትሪ ያዘጋጁለት። መስመሩ ቢዘጋም ቀረጻው እዚያው ጂንካ ይጠብቅዎታል።