ሐይቁ አንድ ነው፤ ደንቡም አንድ ይሁን

ከታቦር ተራራ አናት ላይ ቆሞ ቁልቁል የተመለከተ ሰው የሐዋሳን ሐይቅ ከዳር እስከ ዳር ያየዋል። ስፋቱ ወደ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ከዚያ ከፍታ ላይ ሆኖ ሲታይ ወሰን የሚባል ነገር የለም። ይሁን እንጂ ዳርቻው በሁለት ክልሎች፣ በሲዳማና በኦሮሚያ፣ ተከፍሎ የሚተዳደር መሆኑ ይታወቃል። ሲዳማ ክልል ከሆነበት ከ2012 ዓ.ም. በፊትም ቢሆን ሐይቁን የደቡብ ክልልና ኦሮሚያ ይካፈሉት ነበር።

በዚህ ጽሑፍ ልናነሣው የምንፈልገው ጉዳይ ዓሣው ነው። በሐዋሳ ሐይቅ በብዛት የሚጠመደው ቆሮሶ ሲሆን፣ አምባዛም ይገኛል። የቆሮሶን አረባብ ማወቅ ለገበሬ መሪ እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ጠቡ ያለው እዚያው ላይ ነው። ቆሮሶ የሚራባው ጥልቅ ውኃ ውስጥ ሳይሆን ፊላና ሣር በበቀለበት ጥልቀት የሌለው ዳርቻ ነው። ወንዱ መሬቱን ቆፍሮ ጎጆ ያበጃል፤ እናቲቱ እንቁላሏንና ጫጩቶቿን በአፏ ይዛ ታሳድጋለች። እርሷ በመረብ ስትያዝ ጫጩቶቿም አብረው ይጠፋሉ። ዓመቱን ሙሉ ቢራባም፣ በተለይ ከጥር እስከ መጋቢትና በክረምቱ ወራት ይበረታል።

እንግዲህ ይህ ዳርቻ የማን ነው? የገበሬው ማሳና የከብቱ ግጦሽ ጫፍ ነው። ፊላው ሲታጨድ፣ ማሳው እስከ ውኃው አፍ ድረስ ሲታረስ፣ ዓይኑ የጠበበ መረብ ከዳር ሲጎተት፣ የሚጠፋው የመጪው ዓመት ዓሣ ነው። ከላይ ከተፋሰሱ ታጥቦ የሚወርደውም አፈር ሌላ መሄጃ የለውም፤ ሐይቁ ወደ ሐይቁ የሚገባው ጥቁር ውኃ ወንዝ እንጂ የሚወጣ ወንዝ የለውምና። ጥቁር ውኃ የሚመጣበት የጨለለቃ ረግረግ ከዚህ ቀደም ሐይቅ እንደነበር ሽማግሌዎች ያስታውሳሉ።

ስለ ዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም የወጣው አዋጅ ቁጥር 315/1995 መሠረቱን ጥሏል፤ ክልሎችም የየራሳቸውን ሕግ እንዲያወጡ በር ከፍቷል። ይህ በአንድ ክልል ውስጥ ላለ ሐይቅ መልካም ነው። በሁለት ክልል መካከል ላለ ሐይቅ ግን ችግር ያስከትላል። በአንዱ ዳር ጠባብ መረብ የተወሰደበት አጥማጅ «እኔ ብተወው የወዲያኛው ዳር ሰው ያጠምደዋል» ይላል። እውነቱን ነው። ሕግ አክባሪው የሚጎዳበት፣ ሕግ ተላላፊው የሚጠቀምበት ደንብ ደግሞ አይሰነብትም።

ሦስት አገሮች፣ ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ፣ እ.ኤ.አ. በ1994 የቪክቶሪያን ሐይቅ ዓሣ በጋራ የሚመራ ድርጅት ለማቋቋም ተዋውለዋል። በየዳርቻውም አጥማጁ፣ የጀልባ ባለቤቱና ነጋዴው የተካተቱባቸው ኮሚቴዎች ተቋቁመዋል። ሕገ ወጥ መረብ በዚያም አልጠፋም፤ ቢሆንም የሚከራከሩበት የጋራ ጠረጴዛ አላቸው። ሦስት መንግሥታት ከቻሉ በአንድ አገር ያሉ ሁለት ክልሎች ያቅታቸዋል ማለት ያሳፍራል።

አንዳንዶች በመራቢያው ወራት ሐይቁ ጨርሶ ይዘጋ ይላሉ። ይህ ለእኛ ትክክል አይመስለንም። በአሞራ ገደል ከጀልባ ወርዶ ዓሣውን ሸጦ የዕለት እንጀራ የሚገዛው ወጣት፣ አብዛኛውም መሬት የሌለው የገበሬ ልጅ፣ ሦስት ወር በምን ይኖራል? ሌሊት ተደብቆ ይገባል እንጂ አይተወውም። የሚሻለው ወሩን ሳይሆን ቦታውን መዝጋት ነው፤ ይኸውም ቆሮሶ የሚራባባቸው ፊላማ ዳርቻዎች ተለይተው ዓመቱን ሙሉ እንዳይነኩ ማድረግ ነው። መካከሉ ክፍት ይሁን፤ ሰውም ይሥራ።

ቦታውን የሚያውቀው ደግሞ የግብርና ባለሙያው ብቻ አይደለም። የዳርቻው ቀበሌዎች፣ ብዙዎቻችን ዛሬም ገበሬ ማኅበር እያልን የምንጠራቸው፣ መሪዎች ከአጥማጆቹ ማኅበራት ጋር ሆነው በእግራቸው እየዞሩ ሊያመለክቱት ይችላሉ። ከሁለቱም ክልል የተውጣጡ መሪዎች ከመስኖ ሥራው ፋታ በሚገኝበት ሳምንት አንድ ቀን ተገናኝተው በሦስት ነገር ቢስማሙ በቂ ነው፦ የሚከለለው ዳርቻ የትኛው ነው፣ የመረቡ ዓይን ስንት ይሁን፣ ቅጣቱስ በሁለቱም ዳር እኩል ስንት ይሁን። የክልሎቹ ግብርና ቢሮዎች ስምምነቱን ተቀብለው በሕግ ያጽኑት። ፊላውን ለቤት ክዳንና ለከብት የሚያጭደው ገበሬም ከየት እንደሚያጭድ አብሮ ይወሰን፤ ያለበለዚያ ክልከላው በአጥማጁ ላይ ብቻ የተጫነ ሸክም ይሆናል።

ስብሰባው የሚደረግበትን ቦታ በተመለከተ፣ አንዱ ወገን ሌላውን ጠራው እንዳይባል፣ የመጀመሪያው በአንዱ ዳር፣ ሁለተኛው በማዶ ቢሆን ይመረጣል።