ስለ ሬዲዮ ንግግርና ስለ ሰሚው ፍርድ

በቀድሞው ዘመን በሰሜንና በወገራ፥ እንደ ሌላውም የኢትዮጵያ አገር፥ ሁለት ሰዎች በነገር ሲጣሉ መንገደኛውን «በሕግ አምላክ» ብለው አስቁመው ዳኛ ያደርጉት ነበር። መንገደኛውም ጉዳይ ቢኖርበት እንኳ በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ፥ ከሳሹ «በላ ልበልሃ» ብሎ ነገሩን ሲዘረዝር፥ ተከሳሹም በተራው ሲመልስ፥ ሁለቱን ሰምቶ ይፈርድ ነበር። በዚህ ሥርዓት የአንደበት ማማር የሚያስመሰግን ቢሆንም፥ ዋናው ቁም ነገር የተከሰሰው ሰው በዚያው ስፍራ ቆሞ የሚናገርበት ተራ ያለው መሆኑ ነበር። ባለጉዳዩ በሌለበት የተነገረ ነገር ሐሜት እንጂ ሙግት እንደማይባል ሁሉም ያውቀው ነበር።

ዛሬ ችሎቱ ከዛፍ ጥላ ሥር ተነሥቶ ወደ አየር ወጥቷል። በደባርቅ ገበያ ያለው ባለሱቅ፥ በዳባት መንገድ የሚያልፈው ሾፌር፥ በተራራው ላይ በግ የሚጠብቀው እረኛ ሳይቀር፥ በትንሽ ሬዲዮ ወይም በእጅ ስልክ ከአዲስ አበባና ከባሕር ዳር፥ ከባሕር ማዶም የሚነገረውን ቃል ይሰማል። የዓለም ወሬ እንዲህ መቅረቡ ታላቅ በጎ ነገር ነው። ዳሩ ግን ተናጋሪው በበዛ ቍጥር ተራ የሚያገኘው ሰው አልበዛም። ስለ መንግሥት ሥራ፥ ስለ ሰልፍ፥ ስለ ስደተኛና ስለ ንግድ በየቀኑ ፍርድ ይሰጣል፤ የሚፈረድበት ሰው ግን በችሎቱ አይገኝም። ይህ ልማድ ከወዴት እንደ መጣና ወዴት እንደሚያደርስ መመርመር ይገባል።

ነገሩ ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የታየው በአሜሪካ ነው። በዚያ አገር እ.ኤ.አ. ከ1949 ጀምሮ የመንግሥቱ የመገናኛ ኮሚሽን፥ የሬዲዮ ጣቢያዎች ሕዝብን የሚያከራክር ነገር ሲያነሡ የተቃራኒውንም ወገን አሳብ እንዲያሰሙ የሚያዝዝ ደንብ አቁሞ ነበር። ደንቡ በ1987 ተሻረ። በዚያም ዘመን ሙዚቃ ወዳዱ ሕዝብ ድምፁ ወደ ጠራው ወደ ኤፍ ኤም ስለ ሄደ፥ የመካከለኛው ሞገድ ጣቢያዎች ባዶ ሰዓታቸውን በጥቂት ወጪ የሚሞላ ነገር ይፈልጉ ነበር። በ1988 ራሽ ሊምቦ የተባለው ሰው በየሥራ ቀኑ ሦስት ሰዓት የሚፈጅ ንግግር ለመላው አገር ማሰማት ጀመረ። ጣቢያዎቹም ንግግሩን የሚያገኙት በአብዛኛው በማስታወቂያ ሰዓት ልዋጭ ስለ ነበር፥ ባለጣቢያው ሁሉ በደስታ ተቀበለው። እስከ 600 በሚደርሱ ጣቢያዎች ተሰማ፤ በ2020 የፕሬዚዳንቱን የነፃነት ሜዳይ ተቀበለ፤ በ2021 ሞተ። ወግ አጥባቂ ነን የሚሉ ብዙ ተናጋሪዎችም እርሱን ተከትለው ተነሡ።

እነዚህን ተናጋሪዎች የሚሰማው ሕዝብ ያለ ምክንያት አልተሰበሰበም። ከሰሚዎቹ ብዙዎቹ በታላላቆቹ ከተሞች ያሉ ጋዜጠኞች ሃይማኖታችንንና የአባቶቻችንን ወግ ይንቁብናል የሚሉ የገጠርና የትናንሽ ከተማ ሰዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1994 የሰሜን አሜሪካ አገሮች የንግድ ውል ከጸና፥ በ2001ም ቻይና ወደ ዓለም የንግድ ድርጅት ከገባች ወዲህ፥ ብዙ ፋብሪካዎች ተዘግተው የሠራተኛው ከተማ ሁሉ ሲራቆት፥ ኀዘኑን የሚነግርለት ያጣ ሕዝብ ብዙ ነበር። የሬዲዮ ተናጋሪው በዚያን ጊዜ «ቍጣህ እውነት ነው» አለው። የተናቀን ሰው ማክበር በጎ ሥራ ነው፤ የጥንቱን ወግ መጠበቅም በራሱ የሚያስነቅፍ አይደለም።

ነቀፋው ያለው በአሠራሩ ላይ ነው። ሰሚው ሦስት ሰዓት ሙሉ እንዲቆይ በየዕለቱ አዲስ ቍጣ ያስፈልጋል፤ ለቍጣውም በየዕለቱ አዲስ ጥፋተኛ ያስፈልጋል። ሰሚው ስልክ ደውሎ መናገር እንደሚችል ይነገረዋል፤ ዳሩ ግን የሚደውለውን ሰው አስቀድሞ የሚመርጠው፥ ሲያሻውም መስመሩን የሚቆርጠው ባለፕሮግራሙ ነው። እንዲህ ያለው ችሎት ከሳሹ ራሱ ዳኛ የሆነበት ችሎት ነው። ስለዚህም የፋብሪካው መዘጋት በመሣሪያ መሻሻል፥ በባለሀብቱ ስሌትና በመንግሥት ውል ባንድነት የመጣ መሆኑን ማስረዳት አድካሚ ሲሆን፥ «መጤው እንጀራህን ቀማህ» ማለት ግን ቀላልና የሚያዋጣ ሆነ።

የዚህ ፍሬ ምን እንደሚመስል እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 በኦሃዮ ግዛት በስፕሪንግፊልድ ከተማ ታይቷል። ወደዚያች ከተማ ለሥራ የመጡት የሄይቲ ሰዎች የጎረቤቶቻቸውን ውሻና ድመት እየሰረቁ ይበላሉ የሚል ወሬ ተነሣ። የከተማው ሹማምንት የሚታመን ማስረጃ እንደሌለው ቢያስታውቁም፥ ወሬው በፕሬዚዳንታዊው ምርጫ ክርክር ላይ በሕዝብ ፊት ተደገመ። ከዚያም በኋላ የቦምብ ዛቻ እየመጣ ትምህርት ቤቶችና የከተማው ጽሕፈት ቤት ሰው እንዲወጣባቸው ሆነ። ከሁሉ የከፋው ምሳሌ ደግሞ ለኢትዮጵያ ቅርብ በሆነችው በሩዋንዳ ነው። በ1993 የተቋቋመው የሚል ኮሊን ሬዲዮ በዘፈንና በቀልድ ጀምሮ፥ በ1994 ጎረቤት ጎረቤቱን እንዲገድል እስከ መቀስቀስ ደረሰ፤ በአሩሻ የተቀመጠው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤትም በ2003 የጣቢያውን መሪዎች ፈረደባቸው። ኦሃዮና ሩዋንዳ በጥፋታቸው መጠን የሚነጻጸሩ አይደሉም። በሁለቱም ስፍራ ግን የሚነገርበት ሰው እንዲናገር ተራ አልተሰጠውም።

ይህን ሁሉ የባሕር ማዶ ወይም የጎረቤት አገር ነገር ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም፤ በሰሜን ተራሮች ላይ የሆነው ይመሰክራልና። የጊች መንደር ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 3600 ሜትር ከፍታ ባለው ስፍራ፥ በጓሳና በጅባራ መካከል ገብስ የሚያርሱና ከብት የሚያረቡ ሙስሊም ገበሬዎች የሚኖሩበት ጥንታዊ መንደር ነበር። አገሩ ዋልያና ቀይ ቀበሮ፥ ጭላዳም የሚገኙበት በመሆኑ፥ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1989 ዓ.ም. ግን በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ። ከዚህም የተነሣ የጊች ሕዝብ ካሣና የቤት መሥሪያ ቦታ ተሰጥቶት በ2008 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ ከተማ ዳር ወረደ። በ2009 ዓ.ም. ፓርኩ ከአደጋው መዝገብ ወጣ።

በዚህ ነገር ላይ የተናገረው ብዙ ነው። የዱር አራዊት ጠባቂው፥ ማረሻና ከብት የዋልያውን ግጦሽ ጨረሱት አለ፤ አፈሩ መታጠቡና ሣሩ መራቆቱም እውነት ነበር። በውጭ አገር ያለው ተቃዋሚ፥ ሕዝቡ ከአባቱ ርስት ተነቀለ አለ፤ ለገበሬ ርስትን መልቀቅ መነቀል መሆኑም እውነት ነው። የመንግሥት ዜና ደግሞ ሕዝቡ ወድዶና ፈቅዶ ተነሣ አለ፤ ውይይት መደረጉና ካሣ መከፈሉም እውነት ነው። ሁሉም ከእውነቱ አንዳንድ ቁራጭ ይዞ ሲናገር፥ የጊች ሰው ግን ብዙውን ጊዜ የሚነገርለት እንጂ የሚናገር ሳይሆን ቀረ። በገብስና በበግ የኖረ ሰው፥ ማረሻው ከእጁ ወጥቶ ሁሉን በገንዘብ በሚገዛበት ከተማ ምን ሠርቶ ይኑር? የካሣው ገንዘብ ካለቀ በኋላ ልጁ ምን ይወርሳል? ለዚህ ጥያቄ ከባለጉዳዩ የሚበልጥ ምስክር አይገኝም። እርሱን አስቀድሞ መስማት ለፓርኩም ይጠቅማል፤ ኑሮው የተቃና ተነሺ ለዋልያው የሚበጅ ጎረቤት ይሆናልና።

የስደተኛም ነገር በዚሁ አገር በቅርብ ይታያል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ዳባት አካባቢ ደርሶ፥ በጭና ንጹሓን ሰዎች ሲገደሉ፥ ብዙ ሰው ቤቱን ትቶ ሸሽቷል። በዚያው ዘመን በትግራይ ከነበሩት መጠለያዎች የተነሡ የኤርትራ ስደተኞች በዳባት ወረዳ በአለምዋጭ እንዲሰፍሩ ተደርጓል። ከዚህም አስቀድሞ፥ በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ተባርረው ሲመለሱ፥ በመላው አገር ልጁን ያልጠበቀ ቀበሌ ጥቂት ነበር። እንግዲህ በዚህ አገር የሚኖር ገበሬ ተሰዳጅም አስተናጋጅም ሆኖ አይቶታል። በባሕር ማዶ «መጤ ይውጣ» የሚለው ቃል በገዛ ልጁ ላይ የሚወርድ መሆኑን ያውቃል፤ በአለምዋጭ ላይ ተመሳሳይ ቃል ሲነገር ቢሰማም ሚዛኑ በእጁ ነው። በርግጥ ውኃና ማገዶ ለሁሉ አለመብቃቱ እውነተኛ ችግር ነው። ዳሩ ግን ይህን ችግር አስተናጋጁና ስደተኛው ፊት ለፊት ሲናገሩት የጉድጓድና የችግኝ ጉዳይ ይሆናል፤ ሩቅ የተቀመጠ ተናጋሪ ሲያራግበው ግን የጠብ ጉዳይ ይሆናል።

ስለ ሰልፍና ስለ ንግድም እንዲሁ ነው። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. በጎንደር ሕዝብ በአደባባይ በወጣ ጊዜ፥ ባንዱ ወገን ሁከት ተባለ፤ በሌላው ወገን የነፃነት ዋዜማ ተባለ፤ ሰልፈኛው ያነሣው ጥያቄ ግን በሁለቱ ጩኸት መካከል ተዋጠ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ ከአሜሪካ ከቀረጥ ነፃ የንግድ ዕድል በተሰረዘች ጊዜም፥ የዋሽንግተን ተናጋሪ ስለ ሰብዓዊ መብት፥ የአዲስ አበባ ተናጋሪ ስለ ሉዓላዊነት ብዙ ተናገሩ፤ በሐዋሳ የኢንዱስትሪ ፓርክ በስፌት መኪና ላይ ተቀምጣ የምትሠራው ልጅ ግን ደመወዟ ሲቋረጥ ቤተሰቧ እንዴት እንደሚሆን የጠየቃት ጥቂት ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላም ዋጋ ሲወደድ «ስግብግብ ነጋዴ» የሚለው ቃል በየጣቢያው ተደጋገመ። የሚያከማች ነጋዴ መኖሩ አይካድም፤ ይሁን እንጂ ዕቃውን በስንት እንደ ገዛ ሳይጠየቅ የተፈረደበትም ብዙ ነው።

ከዚህ ነቀፋ የመንግሥት ሬዲዮና ጋዜጣም ነፃ አይደሉም፤ ነፃ ነን ቢሉም ሰሚው አያምናቸውም። ሰው በአገሩ ጣቢያ የራሱን ኀዘን ሳይሰማ ሲቀር፥ ኀዘኑን የሚነግርለትን ድምፅ ከሩቅ ይፈልጋል፤ ሩቅ ያለውም ድምፅ ኀዘኑን ከነገረለት በኋላ ቍጣውን ይመራዋል። የአሜሪካው ታሪክ ዋና ትምህርት ይህ ነው። የቍጣ ነጋዴ የሚከብረው አስቀድሞ ሌሎች መስማትን ትተው በተዉለት ገበያ ነው።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 አሳብን የመግለጽ ነፃነትን ያጸናል፤ የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012ም በሰው ላይ ጥቃት የሚያነሣሣውን ይቀጣል። ሁለቱም አስፈላጊዎች ናቸው። ዳሩ ግን ሕግ የተነገረውን ክፉ ቃል ሊቀጣ ይችላል እንጂ፥ ያልተነገረውን የባለጉዳዩን ቃል ሊያሰማ አይችልም። የቅጣትም ሕግ ያለ ልክ ሲሠራበት እውነተኛውን አቤቱታ ከሐሰተኛው ጋር ያፍነዋል፤ የታፈነውም ነገር በሌላ ስፍራ እሳት ሆኖ ይወጣል። በ2011 ዓ.ም. የሰሜን ተራሮች ሣር በተቃጠለ ጊዜ፥ እሳቱን ለማጥፋት ከባሕር ማዶ ሳይቀር ሰው መጥቶ ነበር። ሣሩ በዝናብ ጊዜ መልሶ ይበቅላል፤ በቃል የተነሣ እሳት ያቃጠለው የጎረቤት ፍቅር ግን በአንድ ክረምት አይበቅልም።

ስለዚህ በሬዲዮ የሚናገር ሰው፥ የመንግሥትም ይሁን የግል፥ በአገር ውስጥም ይሁን በውጭ፥ ስለ አንድ ሰው ወይም ስለ አንድ ወገን ከመናገሩ በፊት ያን ሰው መጠየቁን፥ መልሱንም ሳይቆራርጥ ማሰማቱን ልማድ ያድርግ። የመንግሥት ጣቢያም ስለ ጊች ሲናገር የጊችን ሰው፥ ስለ አለምዋጭ ሲናገር ስደተኛውንና አስተናጋጁን፥ ስለ ዋጋ ሲናገር ገዢውንና ነጋዴውን ባንድነት አቁሞ ያናግር፤ የሚሰማው ቃል ባያስደስተው እንኳ ይታገሥ። ሰሚውም የአባቶቹን የመንገድ ዳኝነት አይርሳ። ቃል ሲያስቆጣው «የዚህ ነገር ተከሳሽ ወዴት ነው? ምንስ መለሰ?» ብሎ ይጠይቅ፤ ተከሳሹ እስኪናገር ድረስም ፍርዱን ያቆይ።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል። የሰሜን ሰው አፋፉን በዓይኑ ስለሚያየው የዚህን ተረት ትርጓሜ ከሌላው ይልቅ ያውቃል፤ ከዚያ የወደቀ ነገር ተመልሶ አይነሣምና። በአየር ላይ የሚናገሩት ሁሉ፥ ቃላቸው ከመውደቁ በፊት፥ እግራቸው ከቆመበት ጠርዝ ላይ ጥቂት ቢያስተውሉ ለአገር ይበጃል።