ሊትመሱ ለሎሚ፣ አፈሩስ ለማን?

በምዕራብ ጎጃም ትምህርት ቤቶች «አካባቢ ጥበቃ» የሚባል ነገር አለ። የት እንዳለ እንንገራችሁ፤ ክበብ ውስጥ ነው። ክበቡ ሰብሳቢ አለው፣ በክረምት ችግኝ ይተክላል፣ ፎቶግራፍ ይነሣል። ጥር ላይ ፍየል ችግኙን ሲበላው ግን ክበቡ ፈተና ላይ ነው። ይኸ ነው እንግዲህ መሬትን ጠብቆ ለልጅ ልጅ ስለ ማውረስ የሚሰጠው ትምህርት! እኛ ይህን አንቀበልም።

ነገሩን በአንድ ጉዳይ፣ በአፈሩ፣ እናሳይ። ከደምበጫ ተነሥቶ በጅጋ፣ በፍኖተ ሰላምና በማንኩሳ አልፎ ቡሬ የሚደርሰው መንገድ ግራና ቀኙ ቀይ አፈር ይበዛዋል። አገሩ ዝናብ አይነፍገውም፤ ጥጋቡም ችግሩም ከዚያው ነው። ዝናቡ ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን አጥቦ ይወስዳል፤ አሉሚኒየሙ ይነሣና የሰብሉን ሥር ያቀጭጫል፣ ፎስፈረሱንም ይቆልፍበታል። ገለባው ለከብት፣ ኩበቱ ለምድጃ እየሄደ ወደ ማሳው የሚመለስ ነገር የለም። በየዓመቱ የሚደጋገመው ዩሪያም ኮምጣጣነቱን ይጨምረዋል። ገበሬው ማዳበሪያውን በውድ ገዝቶ ይበትናል፤ ሰብሉ ግን ቀጭጮ ይቀራል። መድኃኒቱ ኖራ ነው፤ እሱም በሄክታር በቶን የሚቆጠር። ቡሬ ላይ በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የግብርና ማቀነባበሪያ ፓርክ ጥሬ ዕቃውን የሚጠብቀው ከዚሁ አፈር ነው።

እናስ፣ ትምህርት ቤቱ ምን ያደርጋል? የኬሚስትሪ መምህሩ ሊትመስ ወረቀት (ከተገኘ!) ሎሚ ውስጥ ይነክራል። ቀላ፤ አሲድ ነው፤ ጻፉ። ከመስኮቱ ሥር ያለውን አፈር የሚጠይቀው የለም። በሚቀጥለው ክፍል የሒሳብ መምህሩ ሎጋሪዝም ያስተምራል። ፒኤች ራሱ ሎጋሪዝም መሆኑን፣ ከ5.5 ወደ 4.5 የወረደ አፈር ኮምጣጣነቱ በ10 እጥፍ መጨመሩን ማን ይንገራቸው? ባዮሎጂው ናይትሮጅን የሚያስሩ ባክቴሪያዎችን ከመጽሐፍ ያስገለብጣል፤ ግብጦ ግን ገበያ ላይ በጣሳ ይሰፈራል። በደከመ መሬት የሚበቅለው፣ ናይትሮጅን ለአፈሩ የሚመልሰው፣ ምሬቱ እስኪወጣ ቀናት ሙሉ ወንዝ ውስጥ የሚዘፈዘፈው ግብጦ! እናቶቻችን ያን ሲያደርጉ ኬሚስትሪ እየሠሩ ነበር፤ ማርክ የሰጣቸው ግን የለም። አማርኛውስ? ማንኩሳን በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ያላወቀ የለም። በዛብህና ሰብለ ወንጌል ይተነተናሉ፤ በጌታው ላይ የተነሣው ገበሬና መሬቱ እንደ ዋዛ ይታለፋሉ።

ደምበጫ አጠገብ፣ አንጀኒ ላይ፣ በ1976 ዓ.ም. ዝናቡን፣ ጎርፉንና ታጥቦ የሚሄደውን አፈር የሚለካ የምርምር ጣቢያ ተቋቋመ። ስዊዘርላንድ ድረስ የዶክትሬት ጽሑፍ ተጽፎበታል። ለመሆኑ የደምበጫ ልጅ ግራፍ ሲስል የሚሰጡት ቁጥሮች ከየት የመጡ ናቸው?

«ጊዜ የለም፤ ይህ ፈተና ላይ አይመጣም» የሚሉን አሉ። የ2014 ዓ.ም.ን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ከመቶው 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 4 እንኳ አልሞሉም። ለፈተና ብቻ ማስተማር ለፈተናም አልበጀ!

ሌሎች ደግሞ «በዚህ ጊዜ?» ይሉናል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በጦርነቱ ምክንያት በክልሉ ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ ከትምህርት ውጭ የሆኑት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ናቸው፤ አቃልለን አናየውም። ግን በሩ ሲከፈት ልጁን ወደ የትኛው ትምህርት ነው የምንጠራው? ከርሞ ያረሰውን መሬት ወደማያውቅ ደብተር?

መፈክርም አንፈልግም። ደርግ «ትምህርት ለምርት» አለ፤ ተማሪው ዶማ ይዞ ወጣ፤ ዶማውና ደብተሩ ግን ሳይተዋወቁ ቀሩ።

የምንጠይቀው አዲስ የትምህርት ዓይነት አይደለም፤ ሌላ ክበብማ ከነጭራሹ ይቅርብን። የአንድ ትምህርት ቤት መምህራን በመስከረም አንድ ላይ ይቀመጡ፤ አንድ ማሳ ይምረጡ፤ ኬሚስትሪው፣ ሒሳቡ፣ ጂኦግራፊውና አማርኛው ዓመቱን ሙሉ እዚያ ማሳ ላይ ይገናኙ። ገበሬውም ይጠራ፤ ተናጋሪ ሆኖ እንጂ አዳማጭ ሆኖ አይደለም። ለማስተማር ልምምድ ፍኖተ ሰላምም ሆነ ቡሬ የምትመደቡ ጓደኞቻችን፣ ሞክሩትና የሆነውን ጻፉልን። «ከሲለበስ ውጭ ነው» ተብላችሁ ከተከለከላችሁም እሱኑ ጻፉ፤ እናትመዋለን።